ቆርቆሮውን ሽቅብ የወሰደው ነፋስ

ነገሩን የማያውቅ ሰው ስለ ቆርቆሮ ጠብ የማወራ ይመስለዋል። ይምሰለው። በዚያ ሰሞን ግን አባቴን ሰው አልባ ሊያደርጓቸው የተነሡትን ሰዎች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ ዛሬም መንገድ ላይ ስንገናኝ «እንደምን አደርሽ?» ይሉኛል፣ እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ አልፋለሁ። ቂም ይዤ አይደለም የምጽፈው። ትንሽ ብይዝም የሚፈርድብኝ ያለ አይመስለኝም።

ስሜ ስመኝ ነው። ዓረብ አገር የሰው ቤት ሳጸዳ ዓመታት ቆይቼ ተመለስኩና ደብረ ታቦር ገበያው አጠገብ በአንዲት ክፍል ልብስ እሰፋለሁ። የምኖረው ግን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በእግር በሚደረስበት የገጠር ሰፈር ከአባቴ ጋር ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን። አባቴን ሰው ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል። ዜማ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ድምፃቸው ሲደክም ማስተማሩን ትተው ባሕር ዛፋቸውን የሚጠብቁ ሽማግሌ ናቸው። በእኛ አገር የቤተ ክህነት ትምህርት ጠልቆ የተማረ ሰው ይከበራል፤ ይፈራልም። ሰው ሲታመም ድገሙልን ተብሎ ይጠራል። በረዶ አዝመራ ሲመታ ደግሞ በጎን የሚያየው አይጠፋም። አባቴ ይህን ለምደውት ነበር፤ እኔ ግን ያ የጎን አስተያየት ከልጅነቴ ጀምሮ ያበሳጨኛል።

የሰፈራችንን አቀማመጥ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። በምሥራቅ በኩል ጉና አለ። ከጉና ወደ እኛ ከሚወርዱት ጋራዎች ሁለቱ ፊት ለፊት ተያይተው ይቆሙና በመካከላቸው ጠባብ ክፍተት ይተዋሉ። እኛ «በሩ» እንለዋለን። ከበሩ ሥር የአባቴ ባሕር ዛፍ አለ። ከባሕር ዛፉ ቁልቁል መንደሩ፣ ከመንደሩ ቁልቁል ደግሞ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ነው። ከሚካኤል ወዲያ መሬቱ እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ ፎገራ ሜዳና ጣና ይደርሳል። ጎረቤቶቻችን በዚህ አቀማመጥ ይመኩበት ነበር። ኃይለኛ ነፋስ የሜዳ ሰዎች ጣጣ ነው፣ እኛን ጋራው ይከልለናል ይላሉ። ጋራውን ተጠራጥሮ የሚያውቅ አልነበረም። በእኛ ሰፈር የሚጠረጠረው ሰው ነው።

ጊዜው ከፋሲካ በኋላ፣ የሠርግ ሰሞን ነበር። ከእኛ ቤት ከፍ ብሎ የሚኖረው አያ ጫኔ ልጁን ሙሉጌታን ሊድር ነውና የሙሽራ ቤት ሠራለት። ያለ የሌለውን አፍስሶ፣ ከላይ እስከ ታች በአዲስ ቆርቆሮ አለበሰው። ፀሐይ ሲመታው ከመንገድ ማዶ ያብረቀርቃል። አያ ጫኔ ከቤት በወጣ ቁጥር ዞር እያለ ሲያየው እስቅ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ሱቄ ሳለሁ፣ ከጉና በላይ ጥቁር ደመና ተነሥቶ አጓራ። ከተማው ላይ የጣለው ዝናብ ብቻ ነው። አባርቶ ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ሰፈሩ ሌላ ሰፈር ሆኖ ጠበቀኝ። መሬቱ በበረዶ ነጥቷል። የአያ ጫኔ የሙሽራ ቤት ወራጁ ተሰባብሮ፣ ማገሩ ተንጠልጥሎ ራቁቱን ቆሟል። ቆርቆሮ የሚባል አንድም አልቀረበትም። ከሚካኤል በላይ ባለው እርሻ ጥቂቶቹ ተጨማድደው ወድቀዋል። የቀሩት የሉም።

የሌላው ሰው ቤት ሁሉ ደህና ነው። የእኛም ደህና ነው። ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው።

በረዶው ሲወርድ ሰው ሁሉ ቤቱን ዘግቶ ስለነበር ነፋሱን በዓይኑ ያየ አልነበረም። የሰሙት ጩኸቱን ብቻ ነው።

«አባየ፣ አንቱስ ምን አዩ?» አልኳቸው።

«ምን አያለሁ? ቤት ነበርሁ።»

«ብቻዎን?»

«ከማን ጋር ልሁን ኖሯል?» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

በማግሥቱ ጧት ቢተው ከበሩ ሥር እየሮጠ መጣ። ቢተው የአያ ጫኔ ሚስት ወንድም ነው። መሬቱ ከአባቴ ባሕር ዛፍ ጋር ይዋሰናል። ያንን ባሕር ዛፍ ሽጡልኝ እያለ ሲለምን፣ አባየም አልሸጥም ሲሉት እንደኖሩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ኑ እዩ! ኑ እዩ ጉድ!» እያለ ጮኸ።

ተከትለነው ወጣን። የጠፉት ቆርቆሮዎች በአባቴ ባሕር ዛፍ መካከል ካለው ጎድጓዳ ቦታ ተደራርበው ተኝተዋል። ከላያቸው ደግሞ ቅጠሉ ያልጠወለገ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተጭኖባቸዋል።

«አልብሰውታል» አለ ቢተው። «ሰው እንዳያየው ቅጠል አልብሰውታል።»

«ነፋስ ነው እዚህ የጣለው» አልኩ።

ቢተው ወደ እኔ ዞረ። «ነፋሱ ከየት መጣ? ከጉና። በየት ገባ? በበሩ። ታዲያ ነፋስ ዕቃ ተሸክሞ ወደመጣበት ይመለሳል ወይ? ቁልቁል የሄደ ነፋስ ሽቅብ ቆርቆሮ ይዞ ይወጣል?»

እኔም ብሆን የምጠይቀው ይህንኑ ነበር። ቆርቆሮ በነፋስ ከተወሰደ ወደ ሚካኤል እንጂ ወደ በሩ ሊሄድ አይገባም። ስለዚህ ሰው ነው ያመጣው አልኩ በልቤ። ሰው ከሆነ ደግሞ ማን እንደሆነ ለእኔ ግልጽ ነው፦ ያገኘው ራሱ ቢተው። አባቴን ሌባ አሰኝቶ ከአገር ካስወጣ ባሕር ዛፉ ለማን ሊቀር ነው? ይህን እያሰብኩ ቢተውን ከእግር እስከ ራሱ አየሁት። እሱም እኔን እንደዚያው እያየኝ ነበር።

አያ ጫኔ አንድ ቃል አልተናገረም። ቅርንጫፉን አንሥቶ ቆርቆሮውን ሲዳብስ ቆየና ወደ አባቴ ሳያይ ቁልቁል ወረደ። ከቢተው ጩኸት ይልቅ እኔን ያስፈራኝ የሱ ዝምታ ነው።

ሽማግሌዎቹ አውጫጭኝ ጠሩ። ለማታውቁት፦ አጥፊው ያልታወቀ እንደሆነ የአካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ሥራ የለም፣ ገበያ የለም፣ ሽማግሌው ሳያሰናብት የሚነሣም የለም። ከመካከል «ወፍ» የሚባሉ ሰዎች ይመረጣሉ። እያንዳንዱ ሰው ተራ በተራ እየሄደ የሚጠረጥረውን ስም በወፎቹ ጆሮ ያንሾካሽካል። ማን ማንን እንደጠራ አይነገርም። ወፍ ነገረኝ ይባላል፣ ያበቃል። ድሮ ከብት ሲሰረቅ ነበር ይህ የሚደረገው፤ ፖሊስ ከመጣ ወዲህ እየቀረ ነው ሲባል እሰማለሁ፣ እኛ ሰፈር ግን ገና አልቀረም።

ከአያ ጫኔ ቤት ፊት ለፊት ያለው መስክ ላይ ተቀመጥን። የመሩት በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡት አባ ውባለም ናቸው። ሰው እየተነሣ ወደ ወፎቹ ይሄዳል፣ ጎንበስ ይላል፣ ይመለሳል። ሲመለስ ወደ እኛ የሚያይ የለም። የሚያይ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። እኔ ተራዬ ሲደርስ የቢተውን ስም ነገርኩ። አባየ ተራቸው ሲደርስ «የምጠረጥረው ሰው የለኝም» ብለው ጮክ ብለው ተናገሩና ተቀመጡ። ያ ራሱ ሰዉን አስጉረመረመ። ሰው የማይጠረጥር ሰው ምን ደብቆ ነው ዓይነት ነገር።

ወፎቹ ከአባ ውባለም ጋር ዘወር ብለው ከተነጋገሩ በኋላ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የኔታ» አሉ፣ «ወፍ የሚለው ስምዎን ነው። እኛ ደግሞ አስተማሪያችን ነዎት። ስለዚህ ቀላል ነገር እናድርግ። ነገ የሚካኤልን ደጅ ይዘው "አልወሰድሁም" ብለው ይማሉ። እናምናለን። ነገሩ ያልቃል።»

ሰው ሁሉ ተነፈሰ። እኔም ተነፈስኩ።

«አልምልም» አሉ አባቴ።

«ምን አሉ?»

«አልወሰድሁም። ግን አልምልም። ዕድሜዬን ሙሉ ስሙን ባመሰገንሁበት አፍ ለቆርቆሮ ብዬ ልምልበት? ልጆቻችሁን አትማሉ እያልሁ ነው ያስተማርሁ።»

እነዚያ ሰዎች በእህል፣ በውሃ፣ በልጃቸው፣ በዓይናቸው ሲምሉ የሚውሉ ናቸው። ንጹሕ ሰው መሐላን ይፈራል ብለው ሊያስቡ አይችሉም። የሚፈራ ካለ የወሰደ ነው። አባ ውባለም አንገታቸውን ደፉ።

«እስከ ነገ ያስቡበት» አሉ። «ነገም እምቢ ካሉ ግን እዳው ከእኔ አይደለም። እሳት አንጭርልዎትም፤ ማኅበር አናስገባዎትም፤ ሞት ቢመጣም አንቀብርዎትም።»

ቤት ስንገባ ለመንኳቸው። እግራቸው ሥር ወድቄ ለመንኳቸው።

«አባየ፣ አንዲት ቃል ናት። ይማሉና ይገላገሉ። ካልወሰዱ ምን ያስፈራዎታል?»

«አንችም እንደነሱ ነሽ ማለት ነው።»

«እኔ አንቱን የሚቀብር ሰው ማጣት ነው የምፈራው!»

«አንች ትቀብሪኛለሽ» አሉና ፀሎታቸውን ጀመሩ። እልኸኛ ናቸው። እኔ ከማን እንደወረስኩት አሁን ገባችሁ።

በማግሥቱ ሰው እንደገና ተሰበሰበ። ቀኑ ከጧት ጀምሮ ይወብቃል፤ ነጠላዬ አንገቴ ላይ ተጣብቋል። አያ ጫኔና ሙሉጌታ ከባሕር ዛፉ ውስጥ ቆርቆሮዎቹን አውጥተው በተሰበሰብንበት መካከል እንደ ማስረጃ ከምረዋቸዋል። አባየ እንደገና ተጠየቁ። እንደገና «አልምልም» አሉ። አባ ውባለም በትራቸውን ተደግፈው ለመነሣት ሲዘጋጁ ውግዘቱን ሊናገሩ እንደሆነ ገባኝ፤ ቀድሜ ተነሣሁ።

«ቆዩ፣ አባ! እኔም የምናገረው አለኝ። ቆርቆሮውን ያገኘው ማን ነው? ቦታው በማን መሬት አጠገብ ነው? ባሕር ዛፉን የሚፈልግስ ማን ነው? ቢተው ይማል እስቲ!»

«እምላለሁ!» አለ ቢተው ተስፈንጥሮ። «አሁኑኑ እምላለሁ! እኔ እንደ አባትሽ የምደብቀው የለኝም!»

ልመልስለት አፌን ስከፍት ፊቴን ቀዝቃዛ ነገር መታኝ። ወደ በሩ ቀና ብዬ አየሁ። ከጉና ላይ ደመናው ጠቁሮ ወርዷል፤ ከበሩ ሥር ያለው ባሕር ዛፋችን በሙሉ ወደ እኛ ጎንበስ ብሏል። ይህስ ያለ ነው። ግን ጀርባዬ ይሞቀኝ ነበር። ዘወር ስል ከታች የሚካኤል ጽዶችም ወደ እኛ ጎንበስ ብለዋል። ከላይም ከታችም ዛፉ ሁሉ ወደ እኛ ነው የተጎነበሰው። እኛ የተቀመጥንበት መስክ ላይ ግን ነጠላ የሚያነሣ ነፋስ የለም። ከመካከላችን ትንሽ አቧራ ተነሥቶ ባለበት መዞር ጀመረ። ከክምሩ የላይኛው ቆርቆሮ ጫፉን አንሥቶ አንድ ጊዜ ጠቅ አለ።

«ተነሡ!» አልኩ። «ከዚህ ተነሡ! ነፋሱ እኛ ላይ ነው የሚገናኘው!»

«ማንም እንዳይነሣ!» አሉ አባ ውባለም። «አውጫጭኝ አይፈርስም!»

«አባ፣ ዛፉን እዩት!»

ቢተው ክንዴን ጨበጠ። «አባቷን ልታስመልጥ ነው! አትልቀቋቸው! ነገሩን ልታጠፋ ነው!»

ሁለት ሰዎች አባየን በጋቢያቸው ያዙ። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ታቅፈው ወደ ሽማግሌው ያያሉ፤ ለመነሣት ፈቃድ ይጠብቃሉ። ከቆርቆሮው በላይ ያለው አቧራ ከሰው ቁመት በላይ ሆኗል። ሌላው ቆርቆሮም ጠቅ አለ። እኔ እጮሃለሁ፣ ሰው የኔን ፊት እያየ ተንኰሌን ይፈልጋል። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ እውነት እየተናገርኩ ያልታመንኩበት ጊዜ የለም።

ከዚያ በኋላ ፈቃድ የጠበቀ አልነበረም። ጩኸቱ መጣ፤ የጭነት መኪና ዳገት ሲወጣ እንደሚያሰማው ያለ ጩኸት ነው፣ ግን ከሁሉም አቅጣጫ። ሰው ተበተነ። ቆርቆሮዎቹ ከክምሩ ላይ አንድ በአንድ ይነሡ ጀመር። አያ ጫኔ ሌላው ሲሸሽ እሱ ወደ ክምሩ ሮጠና በደረቱ ተኛበት! ቆርቆሮውን በክብደቱ ሊያስቀር ነው። «ቆርቆሮዬ!» እያለ ይጮሃል። ከሥሩ አንዱ ሲወጣ አብሮት ከመሬት ተነሣ።

አባየን የያዟቸው ሰዎች ለቀዋቸው ሸሽተው ነበር። ወደ እኔ ይመጣሉ ብዬ እጄን ስዘረጋ እሳቸው ወደ አያ ጫኔ ሄዱ። እግሩን ይዘው ጎተቱት። ሽማግሌ ናቸው፤ እንዴት እንደቻሉ አላውቅም። ጎትተው ከመስኩ ዳር ካለው የውሃ መውረጃ ቦይ ውስጥ ይዘውት ወደቁ፣ ከላዩም ተኙበት። እኔ ጉቶ ታቅፌ መሬት ላይ ተኝቼ ነበር። ቆርቆሮ ከራሴ በላይ እያፏጨ ሲያልፍ ሰምቻለሁ። ያንን ፉጨት ዛሬም ሱቄ ውስጥ ማሽን ስነዳ አንዳንዴ የሰማሁ ይመስለኛል።

ጸጥ ሲል መስኩ ላይ አንድም ቆርቆሮ አልነበረም። የሞተ የለም። ቢተው ትከሻው በቆርቆሮ ተሰንጥቆ ደሙ ይፈሳል። ነጠላዬን ቀድጄ አሰርኩለት። እያሰርኩለትም ዓይኑን አላምነውም፤ እሱም እጄን አያምንም ነበር።

«የት ሄደ?» አለ ሙሉጌታ። «ቆርቆሮው የት ሄደ?»

ሁሉም ሽቅብ መውጣት ጀመረ። ሁላችንም ያሰብነው አንድ ቦታ ነው። ከአባቴ ባሕር ዛፍ መካከል፣ ከዚያው ጎድጓዳ፣ ቆርቆሮዎቹ ተደራርበው ተኝተዋል። ከላያቸው ደግሞ የተሰበረ ቅርንጫፍ ከነቅጠሉ ወድቆባቸዋል።

ነፋስ ነው ሽቅብ ያመጣው። በሁሉም ዓይን ፊት፣ ሳይሰረቅ፣ ሳይደበቅ። ደስታዬን መቆጣጠር አቅቶኝ እልል ልል ነበር። በዚህ መካከል አንዲት ሴት ከኋላ ቀስ ብላ ተናገረች።

«የኔታ ጠሩት።»

እልልታዬ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

«እኮ» አለ ሌላው። «ለዚህ ነው አልምልም ያሉት። ነፋሱን ይዘውት ነው።»

«ውግዘቱ ሊነገር ሲል መጣ! ልክ ሲነሡ!»

«ልጅቱም አስቀድማ አወቀች። ማን ነገራት?»

ሰው ከአባቴ ራቅ ራቅ አለ። አባየ በጭቃ ተለውሰው፣ ጋቢያቸው ተቀድዶ ቆመዋል። ለሌባ ውግዘት አለ። ነፋስ ያዛል ለተባለ ሰው ግን ምን እንደሚደረግበት ሁላችንም እናውቃለን፤ ቤቱ ይቃጠላል። አያ ጫኔን አየሁት። ቅንድቡ ተፈንክቶ፣ ዝም ብሎ አባቴን ያያል። ያን ዝምታ አሁንም አልወደድኩትም።

በዚያ ምሽት ልብሳችንን በሻንጣ ከተትኩ። ሐሙሲት አክስቴ አለች።

«ነገ በጧት እንሂድ» አልኳቸው።

«እሑድ ሳላስቀድስ አልሄድም።»

«እሑድ ይገድሉዎታል።»

«እንግዲያ ሚካኤል ደጅ ነዋ የምሞተው» አሉ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስመኝ፣ እኔኮ ነፋስ እፈራለሁ» አሉኝ።

እሑድ ቅዳሴው አልቆ ሰው ሲወጣ በቅጥሩ ውስጥ መንገድ ከፈተልን። የአክብሮት መንገድ አይደለም። እጃቸውን ይዤ ስሄድ የሁሉም ዓይን ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል። ከቅጥሩ ልንወጣ ስንል አያ ጫኔ ከፊታችን ቆመ። ሙሉጌታ አጠገቡ ነው። አባየን ወደ ኋላዬ ሳብኳቸው።

«አያ ጫኔ፣ አባቴን ከነካህ—» ማለት ጀመርኩ።

«አንች ዝም በይ» አለኝ። አልፎን ሄዶ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ በሁለት እጁ ያዘ።

«ስሙ!» አለ። «ሁላችሁም ስሙ! የኔታ አይምሉም። ስለሳቸው እኔ እምላለሁ። ቆርቆሮዬን አልወሰዱም፤ ነፋስም አልላኩብኝም። ይህን ዋሽቼ ብሆን ሚካኤል የልጄን ሠርግ አያሳየኝ!»

ሰው ሁሉ ደነገጠ። በልጅ ሠርግ የሚማል መሐላ ቀላል አይደለም፤ ሙሽራው ደግሞ እዚያው ቆሟል።

«በምን አወቅህ?» አለ ቢተው፣ ክንዱ አንገቱ ላይ ታስሮ።

«ከቦይ ውስጥ አብሬያቸው ስለነበርሁ። ከላዬ ተኝተው ነበር፤ አፋቸው ጆሮዬ ላይ ነበር። ይደግማሉ ትላላችሁ አይደል? የደገሙትን እኔ ሰምቼዋለሁ። "እማየ፣ እማየ" ነው የሚሉት። ሽበታም ሽማግሌ ናቸው፣ እንደ ልጅ እየተንቀጠቀጡ እናታቸውን ሲጠሩ ሰማሁ። እኔም የራሴን እጠራ ነበር። ነፋሱ የሳቸው ቢሆን ያን ያህል ይፈሩት ነበር? እየፈሩትስ እኔን ሊያወጡ ይመጡ ነበር? ከናንተ ውስጥ የጎተተኝ ማን ነው?»

አባ ውባለም መሬት መሬት ያያሉ።

አባየ አፍረው ጆሯቸው ቀልቷል። እናታቸውን መጥራታቸው በሕዝብ ፊት መነገሩ ከውግዘቱ የባሰ ሆኖባቸዋል። «ጫኔ» አሉ፣ «ማን ማል አለህ? መማል ኃጢአት ነው እያልሁ፤ ያውም በልጅህ?»

«እኔ ንስሐ እገባለሁ» አለ አያ ጫኔ። «አንቱ ወደ ቤትዎ ይግቡ።»

አባየ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። አባ ውባለም ቀስ ብለው መጥተው ክንዳቸውን ለአባየ ሰጡ፤ ቤታችን ድረስም ደግፈው ወሰዷቸው። ሻንጣውን ፈታሁት።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሳብላላው ከርሜአለሁ። የጂኦግራፊ መምህር የሆነ ደንበኛ አለኝ፤ ሱሪ ሊያሳጥር ሲመጣ ሁሉንም ነገርኩት። ከጉና የሚወርደው ቀዝቃዛ ነፋስ በጠባቡ በር ሲያልፍ ይበረታል፣ ከጣና በኩል የሚወጣው ሞቃት ነፋስ ደግሞ ይገጥመዋል፤ ሁለቱ የእናንተ መስክ ላይ ሲጋጠሙ መሽከርከር ይጀምራሉ አለኝ። የሚሽከረከር ነፋስ ወደሄደበት ብቻ አይጥልም፤ አንዱን ቁልቁል፣ ሌላውን ሽቅብ ይወረውራል። ጋራ አጥር አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ይከልላል፣ አንዳንድ ጊዜ ራሱ ነፋሱን ወደ ቤትህ ይመራል። «እንግዲያ ሁልጊዜ እዚያው ነው የሚመታው?» ብዬ ስጠይቀው «እሱን አልምልልሽም» አለኝ። በጣም ሳቅኩ፤ ለምን እንደሳቅኩ አልገባውም።

እኔን የለወጠኝ ግን የነፋሱ ትምህርት አይደለም። እኛ ሰዎች ክፉ ነገር ሲደርስብን መጀመሪያ የምንፈልገው ሰው ነው። ቢተው አባቴን አገኘ፣ እኔ ቢተውን አገኘሁ። ሁለታችንም ምክንያት ነበረን፣ ሁለታችንም ያልሆነውን ነው የያዝነው። ከላያችን ያሉት ሁለት ጋራዎች ከተወለድን ጀምሮ እዚያው ቆመው ሳሉ አንድም ቀን «እናንተስ?» ያላቸው የለም። እናንተም የምትኖሩበትን ቦታ እስቲ ወጥታችሁ እዩት፤ ነፋሱ በየት እንደሚገባ፣ ውሃው በየት እንደሚወርድ። ጎረቤታችሁን ከመጠርጠራችሁ በፊት ዳገቱን ጠርጥሩ።

አያ ጫኔ የሙሽራውን ቤት አፍርሶ ከጋራው ትከሻ ጀርባ፣ ከበሩ መስመር ውጭ ሠራው። ብዙዎች ጫኔ የኔታን ፈርቶ ነው የሸሸ ይላሉ። ይበሉ። አባቴን በሹክሹክታ የሚጠራ ከሰፈራችን ጠፍቷል ብል እዋሻለሁ።

ሠርጉ ደመቀ። አያ ጫኔ አባየን ከአባ ውባለም አጠገብ፣ ከላይ አስቀመጣቸው። ጭፈራው ሞቅ ሲል ከሩቅ፣ ከጉና በኩል፣ ነጎድጓድ አንድ ጊዜ አጓራ። ከበሮው ቆመ። ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ፊቱን ወደ አባቴ አዞረ። በጋራዎቹ መካከል ወዳለው በሩ ያየን ሦስት ሰዎች ብቻ ነን፦ እኔ፣ አያ ጫኔ፣ እና በፍርሃት ጋቢያቸውን የጨበጡት አባቴ።